የናዛሬኖ እዝን

ኤርሲሊያ ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። በዕድሜዋ አንቱ ልትባል ይገባት ነበር፤ ግን እኛ የፔትራሞራ ሰዎች እርስ በርስ አንቱ የምንባባለው ስንኮራረፍ ብቻ ነው። እኔና እሷ ደግሞ ተኮራርፈን አናውቅም፤ ስለዚህ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፋሲካ ነው። ልጇ ማሪሳ ከቦሎኛ ከተማ መጣች፣ በላች፣ ጠጣች፣ ስትሄድ አንድ ትልቅ ቀይ ሻንጣ ኮሪደሩ ላይ አቁማ ሄደች። ሻንጣው ባዶ ነው። በመስከረም ኤርሲሊያ ልብሷን ትከትበታለች፣ ቤቱ ይቆለፋል፣ ከዚያ በኋላ ቦሎኛ አምስተኛ ፎቅ ላይ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ የማሪሳ ሐሳብ ይህ ነበር። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም። እናቴ ያንን ገደል የመሰለ ደረጃ ብቻዋን ስትወጣ ስትወርድ አንድ ቀን ወድቃ ትቀርብኛለች ብላ እንቅልፍ ካጣች ቆይታለች። ኤርሲሊያ ግን የተወለደችበትን ቤት ቆልፋ፣ የማታውቀው ጎረቤት ሊፍት ሲወጣና ሲወርድ እየሰማች መዋሉን ልታስበውም አትፈልግም።

ተጨቃጨቁ፣ ተላቀሱ፣ በመጨረሻ ተስማሙ። ኤርሲሊያ ባሏ ከሞተ ወዲህ ባዶውን የተቀመጠውን የላይኛውን ክፍል በነሐሴ ለእረፍት ለሚመጣ ሰው ታከራያለች። አንድ እንግዳ እንኳ መጥቶ አሥራ አምስት ቀኑን ሳያጓድል ቆይቶ፣ ለከርሞም እመጣለሁ ካለ፣ ማሪሳ ስለ ቦሎኛ ሁለተኛ ትንፍሽ አትልም። ቤቱ ሰው የሚገባበት የሚወጣበት ከሆነ ልቤ ያርፋል ብላለች። እንግዳው ተማሮ ከሄደ ግን በመስከረም ሻንጣው ይሞላል።

ማስታወቂያውን ያወጣችው ማሪሳ ናት። ፎቶውን አሳምራ፣ ከስሩ «ፍጹም ጸጥታ» ብላ ጻፈችበት። ምን ታድርግ፣ ከዚህ ከወጣች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ ከተማ ኖራ ኖራ መኪና የሌለበት ቦታ ሁሉ ጸጥ ያለ ይመስላታል።

በሐምሌ ማገባደጃ ስልክ ተደወለ። ኦርሶላ ብሬንታ የምትባል የሚላኖ ሴት ናት፤ ሃምሳ ዓመት አልፏታል፣ ሥራዋ የአንድ ድርጅት ደንበኞችን ቅሬታ በስልክ መቀበል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ይጮህብኛል፣ ጆሮዬም ነፍሴም ደክሟል፣ ቦታው እውነት ጸጥ ያለ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ኤርሲሊያ ሻንጣውን አየችው።

«የኛ መንደር? መቃብር በሉት» አለች።

ስልኩን ዘግታ መስኮቱን ስትከፍት ክው አለች። እነዚያን ድምፆች ዕድሜ ልኳን ስትሰማቸው ኖራ፣ ያን ቀን ገና መስማቷ ነው። ከታች ቡና ቤቱ ደጅ አራት ሽማግሎች ካርታ ይጫወታሉ፤ ይጫወታሉ ስል ይጯጯሃሉ ማለቴ ነው። ሁለት ሴቶች ከሰገነት ሰገነት ሆነው የአንዷን ምራት ያሟታል፣ ምራቷም ከሦስተኛው ሰገነት ላይ ሆና ትመልሳለች። የዳቦ ሻጩ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ጥምዝምዙን መንገድ ይወጣል፤ ሴቶቹም ከየመስኮቱ ቅርጫት በገመድ ያወርዱለታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የእኩለ ቀኑ ደወል ጀመረ፤ ደወሉ ያለበት ግንብ ደግሞ ከሚከራየው ክፍል ትራስ ሃያ እርምጃ አይርቅም። «ወይ ጉዴ!» አለችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

ኤርሲሊያ ግን በዋዛ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። በማግሥቱ በየቤቱ እየዞረች ለመነች። ሽማግሎቹን በሹክሹክታ እንዲጫወቱ፣ ሴቶቹን ሐሜታቸውን ቤት ገብተው እንዲያሙ፣ ዳቦ ሻጩን ጥሩምባውን እንዲተው፣ የቡና ቤቱን ባለቤት አውራ ዶሮውን ወደ ታችኛው አትክልት ቦታ እንዲያወርድ። ሁላችንም ቀዩን ሻንጣ አይተነው ስለነበር እምቢ ያለ ሰው አልነበረም። አንዱ ካርታ ተጫዋች ብቻ፣ ሳይጮህ ካርታ መጫወት ሳያኝኩ እንደመዋጥ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ እሱም ቢሆን ቃሉን ሰጠ።

የቀረው ናዛሬኖ ነበር። ናዛሬኖ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ ያንን ደወል በገመድ እየጎተተ ጎህ ሲቀድ፣ እኩለ ቀን ላይና ፀሐይ ስትጠልቅ ሲደውል አርባ ስድስት ዓመቱ ነው። በኤሌክትሪክ እናድርገው ሲሉት ሞቼ ልገኝ ብሎ መለሳቸው። ወባ የመሰለ ትኩሳት ይዞት እንኳ አንድ ቀን አላስታጎለም። ኤርሲሊያ እንግዳዋ የምትመጣ ዕለት፣ የምሽቱን ደውሎ ሲወርድ የግንቡ ደረጃ ላይ አገኘችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

«አፈር ስሆን ናዛሬኖ፣ አሥራ አምስት ቀን ብቻ።»

ናዛሬኖ ቀና ብሎ ወደ ደወሉ አየ። ከዚያ ለስቅለት እንኳ ደወል ከሁለት ቀን በላይ እንደማይታሰር ነገራት። አውቃለሁ አለችው። ባርኔጣውን አውልቆ ውስጡን አየው፣ መልሶ አጠለቀው፣ ወደ ላይ ወጣ፤ ገመዱን ጠቅልሎ ከፍ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ጎረቤቱን እንደ እህቱ ይወዳታል፤ መስኮቷ ተዘግቶ ማየትን ነው ያልቻለው።

ኦርሶላ ያን ማታ መጣች። ቀጭን፣ ትሑት፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። በመጀመሪያው ጠዋት ፀሐይ አልጋዋ ላይ እስክትወጣ ተኛች፣ ኤርሲሊያም ወጥ ቤት ውስጥ ሆና በደስታ አማተበች።

መንደሩ ግን መላ ቅጡ ጠፋ። ዳቦ ሻጩ ጥሩምባ ሳይነፋ መጥቶ ሳይሸጥ ተመለሰ፤ ሰውም የከረመ ዳቦ በውኃ እያራሰ በላ። ደወል ስለሌለ ምሳ መቼ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ፓስታው በየቤቱ ገንፎ ሆነ። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታውን የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ ቀስ አድርገው ያስቀምጣሉ፤ አንዱ የተሸነፈ ጊዜ ጩኸቱ ቢያንቀው ተነስቶ ወይን እርሻው ድረስ ሄዶ እዚያ ጮሆ ተመለሰ። ኦርሶላ ብቅ ስትል ደግሞ ሁሉም እርስ በርሱ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። እንደምን አደራችሁ ስትል አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ፈገግ ይላሉ፣ ቃል አይወጣቸውም። እንዲያ ማድረጋችን እሷን መንከባከብ መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ኦርሶላ ወጥ ቤት ገባች። ቦርሳዋን በሩ ላይ አስቀምጣዋለች። ኤርሲሊያ ቦርሳውን ስታይ የያዘችውን ድስት አስቀመጠች።

«ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ ልሄድ ነው» አለች ኦርሶላ። «እርስዎ ምንም አላጠፉም። ግን ሳልፍ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ምን አድርጌ እንደሆነ አላውቅም። ሚላኖ የሚጮሁብኝ ሰዎች እንኳ ቢያንስ ያናግሩኛል።» ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ኤርሲሊያ ወንበር ሳበችላት። እውነቱን ብትናገር፣ ማስታወቂያው ውሸት ነበር ማለት ነው፣ ጸጥታ ፈልጋ የመጣችው ሴት ትሄዳለች። ባትናገርም ትሄዳለች። በዚህም ተባለ በዚያ ቀዩ ሻንጣ አፉን ከፍቶ ታያት። ይህን ስታስብ፣ ከመንደሩ በር በኩል ለቅሶ ተሰማ። የአንድ ሰው አይደለም፤ የብዙ ሴት ለቅሶ ነው። ሁለቱም ተያይተው ወደ አደባባዩ ሮጡ።

እዚህ ላይ ስለ ሞንቴቬርዶ ልንገራችሁ። ሞንቴቬርዶ ከሸለቆው ማዶ ያለ መንደር ነው፤ ቅርብ ከመሆኑ የተነሳ ያሰጡትን ልብስ ከዚህ ሆነን እንለያለን፣ በመኪና ግን ጠመዝማዛው መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከነሱ ጋር ዓይንና ናጫ ነን። ቅድመ አያቶቻችን በአንድ ምንጭ ተጣልተው ቀሩ፣ ምንጩም ደረቀ፣ እኛ ግን ቀጠልን። የነሱ ደወል በኤሌክትሪክ ነው፤ መብረቅ ከመታው ወዲህ ደግሞ ባሻው ሰዓት ይጮሃል። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተጣልተን አናውቅም፤ እሱም ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ናዛሬኖ የለቅሶውን ደወል ይደውላል፣ እነሱም ይሰማሉ። የሟች ቤት ሦስት ቀን እሳት አይነድበትም፤ ስለዚህ እዝን ሠርተው ይዘው ይመጣሉ፤ እኛም ለነሱ እንዲሁ። እዝን ደግሞ ሳይጠየቅ፣ ሳይነገር ነው የሚመጣው። ሐዘን ቤት ስልክ ደውሎ እውነት ሰው ሞቶባችኋል ወይ ማለት ነውር ነው።

እንግዲህ አስቡት። አርባ ስድስት ዓመት ሳያቋርጥ የጮኸ ደወል አንድ ቀን ጠዋት ዝም አለ። ቀትር ላይም ዝም፣ ምሽት ላይም ዝም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ሞንቴቬርዶዎች አደባባያቸው ላይ ተሰብስበው ተማከሩ፤ የከተማ ሰው ቢሆን ደወሉ ተበላሽቷል ይላል፣ የኛ አገር ሰው ግን እንዲያ አያስብም። ናዛሬኖ ሞቷል፤ የለቅሶ ደወል ያልሰማነውም የሚደውለው ሰው ራሱ ሟቹ ስለሆነ ነው፤ አሉ። ምስኪን፣ ለሁሉ ደውሎ ለሱ የሚደውልለት አጣ እያሉ ዶሮ አረዱ።

ሴቶቹ ጥቁር በጥቁር ለብሰው ድስታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በመንደሩ በር ገቡ። ከፊት የምታለቅሰው ዶናታ ናት። ዶናታ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የዛሬ ስድሳ ዓመት ናዛሬኖ አግቢኝ ሲላት፣ የፔትራሞራ ሰው ከማገባ ሸለቆው ውስጥ ብገባ ይሻለኛል ብላ መልሳዋለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው በሁለቱም መንደር የለም። ሁለቱም ሌላ ሰው አገቡ፣ ወለዱ፣ ሁለቱም የትዳር ጓደኞቻቸውን ቀበሩ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ሲገናኙ ራሳቸውን ነቅነቅ ከማድረግ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

ናዛሬኖ ሥራ ስላልነበረው የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል። ጥቁር የለበሱ ሴቶች እያለቀሱ ሲመጡ አየ። ባለጌ ሰው አይደለም፤ ተነሳ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ደረቱ ላይ ያዘው።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው የሞተው?» አለ።

ዶናታ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ለቅሶዋ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ድስቷን ደረጃው ላይ አስቀመጠችና ወደሱ ወጣች፤ ፊቱን በሁለት እጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ በእንባዋ በራሰው መሐረብ ትከሻውን ትመታው ጀመር።

«አንተ ነህ እንጂ! አንተ ነህ የሞትከው!»

«እኔ? በቁሜ ነው የቀበራችሁኝ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ደወል የለም! ምን እንድንል ፈልገህ ነበር? ደግሞስ ፓስታዬን በምን ልቀቅል? አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ባንተ ደወል ነው የምቀቅለው!»

ዶናታ ያለችውን አሁን ሰማችው መሰለኝ፣ ፊቷ ቀላ። ከኋላዋ የነበሩት ሴቶችም መሬት መሬት አዩ፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸዋ። ሞንቴቬርዶዎች ከኛ አንድ ነገር እንደሚፈልጉ ባፋቸው ሲያምኑ ለመስማት ስንት ዓመት ስንጠብቅ ኖረናል! አንዱ ካርታ ተጫዋች ሦስት ቀን ያፈነውን ሳቅ ለቀቀው። ከዚያ ማን ይቻለን፤ ሰገነቱ ሁሉ ጮኸ፣ ሴቶቹ ሳቁ፣ ሙሾ አውጪዎቹም ሳቁ፣ ዶሮው ከታችኛው አትክልት ቦታ አብሮ ጮኸ።

ሳቁ ጋብ ሲል ዶናታ ደወሉን ምን ነክቶት ነው ብላ ጠየቀች። የፔትራሞራ ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ኤርሲሊያን ያጋለጠ ሰው አልነበረም፤ በዚህ በመንደሬ ኮርቻለሁ። ናዛሬኖም ወደ ኤርሲሊያ ሳያይ መለሰ።

«እጄን አሞኝ ነው። አርጅቻለሁ። ገመዱን መጎተት አቃተኝ።»

ይህን ያለው እንግዲህ ናዛሬኖ ነው፣ አንድ ቀን አላስታጎልኩም እያለ የሚኮራው። ያለውም ስድሳ ዓመት ሙሉ ደካማ ሆኖ እንዳታየው ሲጠነቀቅላት በኖረው ሴት ፊት ነው። ኤርሲሊያ ይህን ሰማች። አጠገቧ ኦርሶላ ቆማለች፤ ኤርሲሊያ ዝም ብትል እንግዳዋ እንዲህ ሞቅ ያለውን አደባባይ አይታ ምናልባት ትቆይ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ግን አልቻለችም።

«እጁ ደህና ነው!» አለች ጮክ ብላ። «ደወሉን እኔ ነኝ ያሳሰርኩት። ሲኞራ ኦርሶላ፣ ማስታወቂያው ውሸት ነው። እዚህ አገር ጸጥታ ኖሮ አያውቅም። እርስዎ እንዳይሄዱብኝ ብዬ እያንዳንዱን ሰው ለምኜ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። እርስዎን ጠልተው አይደለም፤ ለኔ ብለው ነው። እርስዎ ከሄዱ እኔም በመስከረም ወደ ቦሎኛ ስለምሄድ ነው። ይኸው ነገርኩዎት።» ወደ ናዛሬኖ ዞረች። «እኩለ ቀን ሆኗል። ምን ትጠብቃለህ? ደውል።»

«ሻንጣውስ?» አላት ናዛሬኖ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ደውል አልኩህ!»

ናዛሬኖ እንደ ጎረምሳ እየሮጠ ወጣ። ደወሉ ሲጀምር ርግቦቹ ሁሉ ከግንቡ ብን ብለው ወጡ፤ ኦርሶላ ከስሩ ስለነበረች ሁለት ጆሮዋን ያዘች። ከማዶ የቀሩት የሞንቴቬርዶ ወንዶች ደወሉን ሲሰሙ ምን እንዳሉ እኔ አላውቅም፤ ሙታን ተነሱ ብለው ይሆናል። ኦርሶላ ግን ደወሉ እስኪያበቃ ጆሮዋን ይዛ ቆየች፣ ከዚያ እጇን አወረደችና፣ ለኔ ብሎ ነው ይሄ ሁሉ ሰው ሦስት ቀን ዝም ያለው ብላ ጠየቀች። አዎ አላት አንዱ ካርታ ተጫዋች፣ ልትገድይን ነበር።

እዝን ተመልሶ አይሄድም። መልሶ የወሰደ ሰው ሞቱን ወደ ቤቱ ይዞ ሄደ ነው የሚባለው፤ ስለዚህ መበላት ነበረበት። ጠረጴዛ ከየቤቱ ወጥቶ አደባባዩ ላይ ተገጣጠመ። የዶሮ መረቅ፣ ሽንብራ ያለበት ፓስታ፣ የበግ ጥብስ፣ ወይን ጠጅ። ሟቹ ከጠረጴዛው ራስጌ ተቀመጠ፤ ዶናታ በገዛ እጇ ጨለፈችለት፣ ከሞትክ አይቀር ጥገብ እያለች። ኦርሶላን ካርታ ተጫዋቾቹ መሃላቸው አስቀምጠው ጨዋታ አስተማሯት፤ አንድ ካርታ ብታበላሽ ተንጫጩባት፣ እሷም መልሳ ተንጫጫችባቸው። አንዱ ተጫዋች ጩኸት ይደክመኛል አላልሽም እንዴ ሲላት፣ «የደከመኝ የሚጮህብኝ ሰው ነው፣ የሚጮህ ሰው አይደለም» ብላ መለሰችና ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ጧ አደረገችው።

ኤርሲሊያ ይህን ሁሉ ከሩቅ አየች እንጂ ትቆያለሽ ወይ ብላ ለመጠየቅ ወኔ አጣች። ሲመሽ ኦርሶላ ደክሟት ወደ ክፍሏ ወጣች። ቦርሳው በሩ ላይ እንዳለ አደረ። አንድ የሳቅ ቀን ሌላ ነው፣ ትራስ አጠገብ ጎህ ሲቀድ የሚጮህ ደወል ሌላ ነው።

ጠዋት ኤርሲሊያ ከደወሉ በፊት ነቅታ አልጋዋ ላይ ሆና ጠበቀች። ናዛሬኖ ጀመረ። ሦስት ቀን ያረፈ ክንዱ ነው መሰለኝ፣ ደወሉ እንደዚያ ጠዋት ጮኾ አያውቅም፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው የዳቦ ሻጩ ጥሩምባ ተከተለ፣ እሱም የሦስት ቀኑን ነው የነፋው። ከላይ እርምጃ ተሰማ። እየሄደች ነው አለች ኤርሲሊያ በልቧ፣ ተነሳችና ቡና እንኳ ጠጥታ ትሂድ ብላ እሳቱን ለኮሰች። ከዚያ የላይኛው መስኮት በረገድ ሲል ሰማች፤ ቀጥሎም መንደሩን የሚያዳርስ ጩኸት።

«ኤርሲሊያ! የቅርጫቱን ገመድ የት ነው ያደረግሽው? ዳቦው አመለጠን እኮ!»

አንቺ አለቻት። ኤርሲሊያ ማንኪያውን እንደያዘች እየሳቀች አለቀሰች፤ ከዚያ እሷም አንገቷን በታችኛው መስኮት አውጥታ፣ ከቁም ሳጥኑ ኋላ ነው፣ አታዪም እንዴ ብላ ጮኸችባት። የጠዋቱ አውቶቡስ ባዶውን ወረደ።

ኦርሶላ አሥራ አምስት ቀኗን ሞላች፣ በገዛ ፈቃዷም አራት ቀን ጨመረች። ማሪሳ እሁድ ስትደውል ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት፤ ለከርሞ ክፍሉ የኔ ነው፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ፣ ማስታወቂያውንም አጥፊው ብላት ስልኩን ወደ ግንቡ ዘረጋችላት፤ እኩለ ቀን ነበር። ማሪሳ ደወሉን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ የናዛሬኖ ነው ወይ ብላ ጠየቀች፣ አፍንጫዋንም ስትስብ ተሰማ፣ እናቴን አገናኚኝም አለች። ምን እንደተባባሉ ኤርሲሊያ እስከ ዛሬ አልነገረችንም።

ዶናታ ድስቷን ለመውሰድ በየቅዳሜው ትመጣለች፤ በየቅዳሜውም ረስታው ትሄዳለች። ቀዩ ሻንጣ ጓዳ ውስጥ ነው። ኤርሲሊያ በመስከረም እንደተባለው ሞላችው፤ ሽንኩርት ነው ያለበት።